ድስት ከፋቿ ማማ ፔሬስ

የኤችአይቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ሁሉ፣ ሐኪሙ የዘነጋውን ካልጠየቀ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። በሐይቅ ዳር በምትገኘው የዓሣ አጥማጆች መንደር በምቢታ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ማማ ፔሬስ ነበሩ። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም። ራሳቸውም መድኃኒቱን ይወስዳሉ።

ዓሣ አጥማጁ ኦሞሎ ከመርፌ ይልቅ እሳቸውን ይፈራ ነበር።

"ምን በላህ? ሻይ ምግብ አይባልም! እንቅልፍስ? ከሚስትህ ሌላ ሴትስ ይዘሃል? ታውቃለች? አትሽኮርመም፣ እኔ ላገባህ አይደለም!"

"የኚህ ሴትዮ አፍ አንድ ቀን ጉድ ያደርገኛል" ይላል ኦሞሎ ሲወጣ። ጀልባ አብሮት የሚቀዝፈው ታላቅ ወንድሙ ኦኬዮ እንኳ ሕመሙን አያውቅም።

ሚስቱ አዉኦር ስትሞት ግን ኦሞሎ መድኃኒቱንም ቀጠሮውንም ተወ። ማማ ፔሬስ ለጎረቤት "ዓሣ ልገዛ ነው" ብለው ቤቱ መጡ። ሳያስፈቅዱ ድስቱን ከፈቱ፤ ባዶ ነው። ትራሱን አነሱ፤ ክኒኑ እንዳለ ተቀምጧል። ኦሞሎ ስድብ ሲጠብቅ እሳቸው እሳት አንድደው ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ማገንፋት ጀመሩ።

"እንዲህ መሞት ቀላል መስሎህ ነው?" አሉት እያማሰሉ። "ተቅማጥ አለ፣ የአፍ ቁስል አለ፣ የሰው ፊት ማየት አለ። ስንቱን በእጄ አጥቤ ሸኝቻለሁ።"

"ታዲያ ለማን ብዬ ልኑር?"

"እሱን አላውቅም። አሁን ብላ። ከዚያ ስለ አዉኦር ንገረኝ።"

ኦሞሎ ከቀብሯ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጠራ፤ አለቀሰም። ማማ ፔሬስ በሳምንቱ መጡ፣ ከዚያም ደጋግመው መጡ። ከሳቸው ለመገላገል ሲል መድኃኒቱን ጀመረ።

ማማ ፔሬስን የገደላቸው ቲቢ ነው። የአገሩን ሳል ሁሉ ሲመረምሩ የራሳቸውን ደብቀው ኖረዋል።

ኦሞሎ ለቀብሩ ሲደርስ ግቢው ጢም ብሏል። የሰፈሩ ሹም መነጽሩን አውልቆ ይነፋረቃል።

"ዶሮ ልገዛ እያሉ ይመጡ ነበር" አለ ሹሙ ማንም ሳይጠይቀው።

"እኛ ቤት እንቁላል" አለ ከጎኑ የቆመው የሰፈሩ አስተማሪ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ከአጥሩ ሥር አንድ ሰው ጭቃው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ኦኬዮ ነው።

"አንተ ደግሞ ከየት ታውቃቸዋለህ?" አለው ኦሞሎ ጠጋ ብሎ።

"አንተስ?"

የመቃብሩ አፈር ሲወርድ ይሰማል።

"የኔ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው" አለ ኦኬዮ በመጨረሻ። "ሐሙስ ብመጣ ይሻለኛል ብላቸው፣ ሐሙስ ዝር እንዳትል ብለው ጮኹብኝ።"

"የኔ ሐሙስ ነው" አለ ኦሞሎ።

ኦኬዮ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። እንባው ሳይደርቅ ሳቅ አመለጠው።

"እኚህ ሴትዮ እኮ!" አለ። ኦሞሎም ከጎኑ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።