ሰላምታው ያስመለሳት ላም

እናንተዬ፣ ሰላምታ ሳያደርስ ወሬ የሚጀምር ሰው ጊንጪ ውስጥ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ጎረቤቴ ኦቦ ደበላ ያለቻቸው አንዲት ቀይ ላም ጠፋችባቸውና፣ ይቺ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ አጭር አጭር ወሬ ለአገር ሁሉ የሚለጠፍበትን የስልክ ነገር አስጀመረቻቸው።

"አጭር ብቻ ነው የሚቀበለው ኦቦ፣ ቶሎ ላሚቱን ይጠይቁ" አለቻቸው።

እሳቸው እቴ! "አካም ጅርቱ? ልጆች ደህና? አዝመራው ደህና? ከብቱስ?" ሲሉ ቦታው አለቀና እንዲሁ ተላከ።

"ላሚቱስ ኦቦ?"

"ሰላም ሳልል ላም ልጠይቅ? አሳዳጊ የበደለው አደረግሽኝ!"

ወዲያው ከደንዲ አንድ የማናውቀው ገበሬ መለሰ። "እኛም ልጆቹም ደህና። ከብቱም ደህና፤ አንዲት እንግዳ ቀይ ላም ብቻ ከትናንት ወዲህ ከበረታችን አልወጣም ብላለች።"

ኦቦ ዱላቸውን አንስተው እየሮጡ ወጡ። ከደጅ ተመለሱ።

"ልጄ፣ የሰውየውን እናት ጤና አልጠየቅንም። ጻፊ!"