የዓሣ እንደራሴ

በተራሮች መካከል፣ ባሕር የሚባለውን ነገር በመዝሙር ሰምቶት እንጂ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ አንድ ታላቅ አገር ነበር፤ ታላቅነቱን የአገሩ ሰዎች ራሳቸው አጥብቀው ስለመሰከሩ ሌላ ምስክር መጥራት አያስፈልግም። በዚያ አገር የሰው ክብር የሚለካው በሚጎርሰውና በሚያጎርሰው መጠን ነበር። ትንሽ ጉርሻ እንደ ስድብ፣ ጉርሻን እምቢ ማለት ደግሞ እንደ ክህደት ይቆጠራል። አጉራሹም አንዱን ካጎረሰ በኋላ «አንድ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን ያስከትላል። በዚህ መካከል ታንቆ የሚሞት ቢኖር በፍቅር ሞተ ይባልለታል እንጂ ማንም አይጠየቅበትም።

ከዕለታት አንድ ቀን የሩቅ ጠረፍ ንጉሥ ለዚህ አገር ገዢ አንድ የመስተዋት ሣጥን በስጦታ ላከላቸው። ሣጥኑ የባሕር ውሃ፣ አበባ የመሰሉ የባሕር ድንጋዮችና ጥቂት ትናንሽ ዓሦች ነበሩበት። ወዲያው «አገራችን ከዛሬ ጀምሮ ባሕር አላት» ተብሎ ታወጀ። ባሕር ያለው አገር ያለ ባሕር ሹም ስለማያምርበትም፣ በግቢው ውስጥ ከማጨብጨብ በቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ ያልነበረው እንግዳወርቅ «ሊቀ ባሕር» ተብሎ ካባ ተደረበለት። ከእርሱ በቀር ውሃውን የነካ ሰው ብርቱ ቅጣት እንደሚጠብቀውም ተነገረ።

ስጦታውን ያመጡት መልእክተኞች ከመሄዳቸው በፊት ሊቀ ባሕርን ለብቻው ጠርተው መከሩት። «ምግባቸው በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ጣት ጫፍ የሚያዝ ብናኝ ብቻ ነው፤ ሳይበላ የቀረው በስብሶ ውሃውን ይመርዘዋል። ውሃው በተነነ ቁጥር ጨዉ እንዳይበረታባቸው ንጹሕ ውሃ ጨምርበት። ቆሻሻውን የሚይዝልህ ይህ ማጥለያ ነውና ጥጡን ቶሎ ቶሎ እጠበው» አሉት።

እንግዳወርቅም መጀመሪያ ሹመቱን ፈርቶ፣ ኋላ ግን ወድዶ፣ የታዘዘውን ሁሉ አደረገ። ውሃው ጠራ፤ ድንጋዮቹ በየቀለማቸው ፈኩ። ከዓሦቹ መካከል ብርቱካን የመሰለች፣ ወገቧን በነጭ መቀነት የታሰረች የምትመስል አንዲት ነበረች፤ እሱ በገባ ቁጥር ወደ መስተዋቱ ትመጣለች። ስሟን «ባለ መቀነቷ» አላት። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲደሰት ለማጨብጨብ የኖረ ሰው፣ አንድ ፍጥረት እሱን አይቶ ሲደሰት የመጀመሪያው ነበር።

በአንድ የግብር ቀን ግን ገዢው ሊቀ ባሕርን ብናኙን ሲበትን አዩትና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምነው ሊቀ ባሕር! በእኔ ግቢ እንግዳ የሚስተናገደው እንዲህ ነው?»

ይህን ብለው እንጀራውን በወጥ አርሰው፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው ወደ ባሕሩ ጣሉ። «አንድ ያጣላል» ብለውም ደገሙ። ጌታ ያጎረሰውን ባለሟል እንዴት ሳያጎርስ ያልፋል? ሹማምንቱ ሁሉ ተሰለፉ፤ ከጎረቤቱ ያነሰ ጉርሻ የጣለ ሰው ልቡ ሸፍቷል ስለሚባል የእያንዳንዱ ጉርሻ ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ የየዕለት ሥርዓት ሆነ። ውሃው ድፍርስ ጠላ መሰለ፣ ቅቤው ከላይ ረጋ፣ መስተዋቱ አረንጓዴ ንፍጥ አበቀለ። የግቢው ሊቃውንትም አረንጓዴውን አይተው «ባሕራችን ለመለመ» ሲሉ ግጥም ገጠሙ።

እንግዳወርቅ ጭንቅ ሲይዘው ወደ አጋፋሪው ሄደ። አጋፋሪው የግቢውን ሥርዓት የሚያስከብሩ፣ ከሥርዓቱም በቀር ሌላ ነገር የማይታያቸው ሰው ነበሩ።

«ጌታዬ፣ ዓሦቹ እኮ ጠግበዋል» አላቸው።

«ጠግበናል ብለው ነገሩህ?»

«ኧረ እነሱስ ምንም አላሉም።»

«እንግዲያው ያላሉትን አሉ ብለህ ታሳብቅባቸዋለህ?»

«ሁለቱ ግን ሞተዋል፤ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።»

«ሆድን ወደ ላይ አድርጎ መተኛት የጥጋብ ምልክት ነው» አሉ አጋፋሪው። «እኔም ከግብር በኋላ እንደዚያው ነኝ።»

ሽታው እልፍኝ በደረሰ ጊዜ ግን መርማሪዎች ተሾሙ። እነዚህም ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች ሲበረብሩ ቆይተው ቆሻሻው ሁሉ ተከማችቶ የተገኘው በማጥለያው ውስጥ መሆኑን ደረሱበት። ማጥለያው እጅ ከፍንጅ ተይዞ ለችሎት ቀረበ። «ይህን ሁሉ ቆሻሻ ከየት አመጣኸው?» ተብሎ ቢጠየቅ ዝም አለ፤ ዝምታውም እንደ እምነት ቃል ተቆጠረበት። ሊቀ ባሕርም ለምስክርነት ተጠራ።

«ቆሻሻው የተገኘው እሱ ላይ ነው ወይስ አይደለም?»

«እሱ ላይ ነው፤ ግን...»

«‹ግን› የሚባል ምስክርነት የለም። ተቀመጥ!»

ማጥለያው ወደ ገደል ተወረወረ፤ ሕዝቡም ፍርዱን ሰምቶ እልል አለ።

ከዚያ በኋላ በሕይወት የቀረችው ባለ መቀነቷ ብቻ ነበረች። ከውሃው ጫፍ ላይ ሆና ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። እንግዳወርቅ ሲያያት አለቀሰ። ጉርሻውን ማስቀረት እንደማይቻል ገብቶታል፤ የሚጎርሰውን አፍ መለወጥ ግን ይቻል ይሆናል ብሎ አሰበ። ገዢው እግር ሥር ወድቆም እንዲህ አለ።

«ጌታዬ ሆይ፣ ዓሣ ጎርሶ አያመሰግንም፤ እስከ ዛሬ አንዱ እንኳ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ሲል አልሰማንም። የእርስዎ ውለታ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲቀር ማየት አልቻልኩም። እኔ እንደራሴያቸው ሆኜ ልጉረስላቸው፤ እኔው ልመርቅዎ።»

ገዢው የዓሦቹ ዝምታ ለካ ሲከነክናቸው ኖሯል። «እውነቱን ነው!» አሉ፤ በማግሥቱም የእንደራሴነቱ አዋጅ ወጣ።

ብልሃቱ ሠራ። በሣጥኑ ውስጥ የሚጣል ነገር ቀረ፤ እንግዳወርቅ በትርፍ ጊዜው ውሃውን ቀየረ፣ መስተዋቱን ፋቀ፣ ጨዉን መጠነ። ባለ መቀነቷም ነፍስ ዘርታ እንደ ድሮዋ ወደ እጁ መምጣት ጀመረች። እሱም ከማንም የበለጥኩ ብልጥ ነኝ ብሎ ለብቻው ሳቀ።

ዳሩ ግን ጎርሶ የሚመርቅ አፍ እንደ ዓሣ አፍ አይደለም፤ ወሬው ይሄዳል። ምርቃቱ ሹመት ያስገኛል ተባለና ከየአውራጃው ሰው ጎረፈ፤ ሰልፉ ከአጥሩ ውጭ ተዘረጋ። እንደራሴው ከባሕሩ አጠገብ በተዘረጋለት ወንበር ላይ ጠዋት ይቀመጣል፣ እስኪመሽ አይነሣም። ልነሣ ሲል ሁለት መኳንንት ትከሻውን ይዘው «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያሉ ይጫኑታል። ውሃው በየቀኑ ይጎድላል፤ ከእርሱ በቀር ሊነካው የተፈቀደለት የለም። በመስተዋቱ ላይ ነጭ የጨው መስመር ወረደ፣ ድንጋዮቹም ነጡ። አፉ ሞልቶ መናገር ቢሳነው በጣቱ ወደ ሣጥኑ ጠቆመ።

«አያችሁ!» አሉ አጋፋሪው። «እየጎረሰ እንኳ ባሕሩን አይረሳም!»

ተጨበጨበ፤ ቀጣዩም ተጠራ። በመጨረሻው ቀን ውሃው የባለ መቀነቷን ጀርባ መሸፈን ተስኖት ነበር። እሷ ወደ እሱ ዞራ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ እሱም ወደ እሷ እያየ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አመሻሽ ላይ የእሷ ቆመ። የእሱ ግን ቀጠለ።

መርማሪዎቹ መጥተው ደረቁን ሣጥን መረመሩና ባሕሩ በዓለም ካሉት ባሕሮች ሁሉ የጠራው መሆኑን አረጋገጡ፤ በውስጡ አንዲት ጠብታ ቆሻሻ ውሃ አልተገኘምና። ዓሣይቱም ሳትሰናበት በመሄዷ ተወቀሰች። ታላቅ ግብር ተደገሰ፤ አጋፋሪውም ከሣጥኑ ግርጌ የተፋቀውን ጨው ለክብሩ ሲሉ በእንደራሴው ማዕድ ላይ አስነሰነሱት። ገዢው ራሳቸው ጠቅልለው አጎረሱት። ሲያኝክ ጣዕሙን አወቀው፤ እንባውም በጉንጩ ወረደ።

«በርበሬው ነው» አሉ መኳንንቱ።

«ጨዉስ እንዴት ነው?» አሉ ገዢው፤ መልሱን ለመስማትም ሁለተኛውን ጉርሻ በእጃቸው እንደያዙ ጠበቁ።

እንግዳወርቅ ዋጠ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አፉ ባዶ ነበር።

«ልክ ነው፣ ጌታዬ» አለና አፉን ከፈተ።