ጉዳዩ፦ የስክሪን ወሰን እንዳይፈርስ

[ወላይታ ሶዶ፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር። ጃንጥላ፣ ጠረጴዛ፣ አሮጌ ላፕቶፕ። ከላፕቶፑ ጀርባ አቶ ደገፉ ተቀምጠዋል፤ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፉ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላቸው፣ ቀስ ብለው የሚሰሙ፣ ከሰሙ በኋላም ቀስ ብለው የሚጽፉ ሰው። ከፊታቸው ኤልሳዕ፤ የሃያ አራት ዓመት ስልክ ጠጋኝ። ይህ ልጅ የማያውቀው ነገር ቢኖር አለማወቁን ብቻ ነው። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ኤልሳዕ፦ ጋሼ፣ «ክቡር» አያስፈልግም እኮ! ፈረንጆች ናቸው። «ሃይ» ብለው ይጀምሩት፣ አለቀ።

ደገፉ፦ ከዚህ ጠረጴዛ «ሃይ» ተብሎ የወጣ ማመልከቻ የለም። እኔ ዘበኛውን እንኳን «ክቡር» ነው የምለው።

ኤልሳዕ፦ ኩባንያ እኮ ነው! ኩባንያ ክብር ምን ያደርግለታል?

ደገፉ፦ ምን እንደሚያደርግለት እሱ ያውቃል። እኔ መስጠት ነው ሥራዬ። [በአንድ ጣት ይጽፋሉ] «ለ… ክ… ቡር…» እሺ፣ ጉዳዩ?

ኤልሳዕ፦ ኮልድ ሪጅ ሁለት!

ደገፉ፦ በአማርኛ።

ኤልሳዕ፦ ስም አይተረጎምም። ቢተረጎምም… እንግዲህ «ቀዝቃዛው ሸንተረር» ነው።

ደገፉ፦ አሃ! የመሬት ጉዳይ ነዋ! ቀድመህ አትነግረኝም? ሸንተረሩ በየት በኩል ነው? በቦምቤ ነው በዲምቱ?

ኤልሳዕ፦ ፕሌይስቴሽን ውስጥ ነው።

ደገፉ፦ ቀበሌው?

ኤልሳዕ፦ ጋሼ፣ ጌም ነው! ቲቪ ላይ የሚጫወቱት የተኩስ ጌም! አንደኛውን ሦስት ዓመት ተጫወትነው፣ አሁን ሁለተኛው ሊወጣ ነው። እኔ ደግሞ ስጋት አለኝ። ስጋቴን ለሠሪዎቹ በደንብ አድርገው ይጻፉልኝ ነው የምልዎት።

ደገፉ፦ ገና ላልወጣ ነገር?

ኤልሳዕ፦ ከወጣ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?

ደገፉ፦ ባልተወለደ ልጅ ላይ ስሞታ! ይሁን፣ ባለጉዳይ አይመረጥም። ስጋትህን በተራ ቁጥር ተናገር።

ኤልሳዕ፦ አንደኛ፣ ጥይት ሊቀንሱብን ነው።

ደገፉ፦ [ጣታቸው አየር ላይ ይቀራል] ፈቃድ አለህ?

ኤልሳዕ፦ የምን ፈቃድ?

ደገፉ፦ የመሣሪያው።

ኤልሳዕ፦ የውሸት መሣሪያ ነው!

ደገፉ፦ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚለው። ትንሽ ቆይቶ «የአጎቴ ነው» ይላል። ቀጥል።

ኤልሳዕ፦ ጥይት ካነሰ እሞታለሁዋ! በአንደኛው እንኳን፣ ያ ሁሉ ጥይት እያለ፣ በቀን አርባ ጊዜ እሞት ነበር።

ደገፉ፦ [መነጽራቸውን ያወልቃሉ] አርባ?

ኤልሳዕ፦ ተመልሼ እነሳለሁ እኮ።

ደገፉ፦ ሃሌ ሉያ! ግን ልጄ፣ ይሄንን ለመጋቢህ ንገር። እኛ ጋ ሟች አመልካች መሆን አይችልም፤ የሚያመለክተው ወራሽ ነው። ወራሽ ይዘህ መጥተሃል?

ኤልሳዕ፦ ጥይቱን ይተዉት! ይሰርዙት! ሁለተኛ፣ ወታደሮቹን ሮዝ የጥንቸል ልብስ ሊያለብሷቸው ነው።

ደገፉ፦ እነማንን?

ኤልሳዕ፦ ወታደሮቹን። ጆሮ ሁሉ ያለው ልብስ። ስንት ጌም በዚህ ተበላሽቷል! ያስቡት እስቲ፣ ጫካ ውስጥ አድፍጠው፣ ትንፋሽዎን ውጠው፣ ጠላት ይመጣል ብለው ሲጠብቁ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ ጥንቸል ክላሽ ይዛ ብቅ ትላለች።

ደገፉ፦ ታዲያ ትገድላታለህ? ጥንቸል?

ኤልሳዕ፦ ጥንቸል አይደለችም፣ ሻለቃ ነው!

ደገፉ፦ [ይጽፋሉ] «ሻለቃው ማዕረጋቸውን የማይመጥን የደንብ ልብስ እንዲለብሱ እንዳይገደዱ…»

ኤልሳዕ፦ [አንገቱን አስግጎ ያነባል] ይሄ… ይሄ እንኳን ጥሩ ሆኗል።

ደገፉ፦ ተስፋስ የለህም? ስጋት ብቻ ከሆነ ምቀኝነት ይመስላል። አንድ ቦታ ላይ ማመስገን አለብህ።

ኤልሳዕ፦ አለኝ እንጂ! ዝናብ ይኖራል ብለዋል። መሬቱ ይጨቀያል፣ ስትሄድ ጫማህ ይከብዳል፣ የረገጥክበት ዱካ ይቀራል። ፀጉር ነው የሚያቆመው!

ደገፉ፦ ጭቃ ነው የናፈቀህ? ሐምሌ ላይ ደጃፍህ ምን ጎደለው?

ኤልሳዕ፦ የዚያኛው ግራፊክስ ይበልጣል።

ደገፉ፦ «ስለ ጭቃው እናመሰግናለን።» ጻፍኩ። ሦስተኛ?

ኤልሳዕ፦ [ድምፁ ዝቅ ይላል] ሦስተኛው ነው ዋናው። ያንን ሁሉ ሰርዝ ቢሉኝ እሰርዛለሁ፣ ይሄን ግን አልሰርዝም። ማቲ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ቦምቤ ነው የሚያስተምረው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ታጭቆ ሶዶ ይመጣል፣ እኛ ቤት አንድ ሶፋ ላይ፣ አንድ ቲቪ ላይ አብረን እንጫወታለን። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ እኔ፣ በቀኝ እሱ። አዲሱ ግን ይሄ የለውም አሉ። ሁሉም በየቤቱ በኢንተርኔት ብቻ ነው አሉ።

ደገፉ፦ ታዲያ ተገላገለ። ሚኒባሱ ቀረለት።

ኤልሳዕ፦ እሱን አይደል የምልዎት! ከቦምቤ ሆኖ መጫወት ከቻለ ለምን ይመጣል? ከዩኒቨርሲቲ በኋላ ሌላው ጓደኛዬ ሁሉ አዲስ አበባ ገብቷል። እኔ የቀረኝ ማቲ ነው፣ ማቲን የሚያመጣልኝ ደግሞ ይሄ ጌም ነው። ቅዳሜዬን ሊወስዱብኝ ነው ጋሼ።

[አቶ ደገፉ ወንበራቸውን ወደ ፊት ይጎትታሉ።]

ደገፉ፦ ቆይ፣ ቆይ። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል አልክ?

ኤልሳዕ፦ አዎ።

ደገፉ፦ መሃል ላይ መስመር አለው?

ኤልሳዕ፦ አለው።

ደገፉ፦ አንተ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ?

ኤልሳዕ፦ አዎ።

ደገፉ፦ መስመሩን ማን አሰመረው?

ኤልሳዕ፦ ኩባንያው።

ደገፉ፦ አሁንስ ማን ሊያጠፋው ነው?

ኤልሳዕ፦ ራሱ ኩባንያው።

ደገፉ፦ [ጠረጴዛውን ይመታሉ] የመሬት ጉዳይ አይደለም ትለኛለህ! ወሰን ማፍረስ ነው እኮ ይሄ!

ኤልሳዕ፦ ኧረ አይደለም ጋሼ… [ያስባል] ነው እንዴ?

ደገፉ፦ ሦስት ዓመት በሰላም ይዛችሁት ኖራችኋል?

ኤልሳዕ፦ ኖረናል።

ደገፉ፦ ባህር ዛፍ ተክላችሁበታል?

ኤልሳዕ፦ ባህር ዛፍ እንኳን… አሥራ አንድ ምሽግ ቆፍረንበታል።

ደገፉ፦ ቋሚ ንብረት! [ጣታቸው ይፈጥናል] ማስረጃ?

ኤልሳዕ፦ የአዲሱ ጌም ማስታወቂያ ቪዲዮ ራሱ! ሠላሳ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። አርባ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ሶፋው ላይ የሚታየው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ! በአንደኛው ማስታወቂያ ሁለት ነበሩ።

ደገፉ፦ ሁለተኛው ሰውዬ ቪዲዮውን የሚያነሳው ቢሆንስ?

ኤልሳዕ፦ እንደዚያ አይሠራም።

ደገፉ፦ እሺ፣ ጠይቄ ነው። አሁን ስማ። [መነጽራቸውን አስተካክለው፣ እንደ ችሎት ቆመው ያነባሉ] «ጉዳዩ፦ ሁከት ይወገድልኝ ስለማለት። እኔ አመልካች ከጓደኛዬ ከመምህር ማቲ ጋር፣ በአንድ ስክሪን ላይ በግራና በቀኝ ተዋስነን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ጠብ ስንተኳኮስ የኖርን ሲሆን፤ ድርጅታችሁ ግን የተካለለልንን ወሰን አፍርሶ፣ እኔን ሶዶ፣ እሱን ቦምቤ ለያይቶ ሊያስቀምጠን መነሳቱን ሰምቻለሁ። ጨዋታ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ሲጫወቱት እንጂ በየጓዳ ተዘግተው ሲሆን እንደማይጥም ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ወሰናችን ባለበት እንዲጸና በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ኤልሳዕ፦ [አፍንጫውን ይጠርጋል] ጋሼ… እኔ ያልኩት ነው ይሄ?

ደገፉ፦ አንተ ያልከውማ ጥንቸል ነው። ይሄ እኔ የሰማሁት ነው።

ኤልሳዕ፦ ሎኦ! በጣም ጥሩ ነው፣ ሎኦ! ቆይ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ እንግሊዝኛ ልገልብጠው። [ይነካካል] «አጥር» ነው ያለው ወሰኑን፣ ግድ የለም… ላክሁት! ኔትወርኩም ዛሬ ሰው ሆኗል። [ስልኩ ይጮኻል። ኤልሳዕ ከወንበሩ ይዘላል] መልስ! ጋሼ፣ መልስ መጣ!

ደገፉ፦ አሁን?

ኤልሳዕ፦ በሁለት ሰከንድ! እርስዎ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ሲቀመጡ በሁለት ሰከንድ መልስ ያገኘ ባለጉዳይ አይተው ያውቃሉ? ይሄ ነው ሥልጣኔ! ይስሙ፤ «ስለጻፍክልን እናመሰግናለን። ያንተ ሐሳብ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው።» አስፈላጊ! የእኔ ሐሳብ! የሶዶው ኤልሳዕ!

ደገፉ፦ ስምህን ጠርተውታል?

ኤልሳዕ፦ «ውድ ተጫዋች» ነው የሚለው። ያው እኔ ነኝ።

ደገፉ፦ ስለ ወሰኑስ ምን ይላሉ?

ኤልሳዕ፦ «የሚመለከተው ክፍል ያየዋል» ይላል።

ደገፉ፦ መቼ?

ኤልሳዕ፦ «በቅርቡ»።

ደገፉ፦ ፊርማ፣ የኃላፊ ስም?

ኤልሳዕ፦ ከታች… «እባክዎ ለዚህ መልእክት መልስ አይስጡ» የሚል አለ።

ደገፉ፦ [ቀስ ብለው ይቀመጣሉ] ልጄ፣ እንግሊዝኛ አልችልም፤ ይሄንን ግን በየትኛውም ቋንቋ አውቀዋለሁ። «ነገ ተመለስ» ነው ያሉህ።

ኤልሳዕ፦ አይደለም! ሰው እኮ ነው የጻፈው!

ደገፉ፦ በሁለት ሰከንድ? ማመልከቻህን ማንበብ ብቻ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሳያነብ የመለሰ እኛም አገር ሞልቷል፤ እነሱ የሚለዩት በፍጥነቱ ነው።

[ኤልሳዕ ስልኩን ደግሞ ያነባል። ቀስ በቀስ ትከሻው ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ቁጭ ይላል።]

ኤልሳዕ፦ በቃ ማቲን አጣሁት።

ደገፉ፦ ኩባንያውን ተወው። እስቲ ስለዚህ ስለ ማቲ ልጠይቅህ። ጎበዝ ተኳሽ ነው?

ኤልሳዕ፦ ማቲ? [ሳይወድ ይስቃል] ሦስት ዓመት ሙሉ ሽጉጥና የእጅ ቦምብ አልለየም። በመጀመሪያው ደቂቃ ቦምቡን እግሩ ሥር ይጥልና «በቃ፣ ሞትኩ» ብሎ ይነሳል።

ደገፉ፦ ተነስቶ የት ይሄዳል?

ኤልሳዕ፦ ጓዳ፣ ውሃ ሊጠጣ።

ደገፉ፦ ስንት ደቂቃ ይጠጣል?

ኤልሳዕ፦ እንግዲህ… አንድ ሰዓት ተኩል።

ደገፉ፦ ጓዳ ማን አለ?

ኤልሳዕ፦ ማንም የለም። ሩት ብቻ ናት፣ እህቴ። ቅዳሜ ዳጣ ትፈጫለች።

ደገፉ፦ ማቲ ሲመለስስ እንዴት ነው?

ኤልሳዕ፦ አንጀት ይበላል! ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባው እየወረደ ነው የሚመጣው። መሸነፉ እየቆጨው ነው። እኔም «አይዞህ፣ ለሳምንት ታሸንፋለህ» እለዋለሁ። እሱ ግን እያለቀሰ ሁሉ ይስቃል። ብርቱ ልጅ ነው።

ደገፉ፦ ይሄ የሩት ዳጣ ምን ምን ይገባበታል?

ኤልሳዕ፦ ያው እንደማንም ነው፤ ቃሪያ፣ ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል… [መቁጠሩን ያቋርጣል። አንድ ሚኒባስ እየጮኸ ያልፋል።] ጋሼ።

ደገፉ፦ አቤት።

ኤልሳዕ፦ ማቲ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከሩት ጋር ዳጣ ሲፈጭ ነው እንዴ ሦስት ዓመት የከረመው?

ደገፉ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? ጌም የምታውቀው አንተ ነህ። ግን ኩባንያው መስመሩን ቢያጠፋውም ቢተወውም ልጁ መምጣቱን አይተውም። የሚቀረው እህትህን አግብቶ ቦምቤ የገባ ቀን ነው።

[ኤልሳዕ ብድግ ይላል። ሊቆጣ ይሞክራል፣ አይሆንለትም። ሦስት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል፤ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል።]

ኤልሳዕ፦ ሌላ ማመልከቻ ይጻፉልኝ።

ደገፉ፦ ለማን?

ኤልሳዕ፦ ለሩት።

ደገፉ፦ ጉዳዩ?

ኤልሳዕ፦ ማቲን ቅዳሜ ቅዳሜ ለግማሽ ሰዓት ብቻ እንድታውሰኝ ስለመጠየቅ።