ሟቹ የሮክ ደራሲ በክብር ተገኝተዋል

ሙታንን ማክበር የሥልጡን ሕዝብ ወግ ነው። ሟች መድረክ ላይ ወጥቶ «እኔ እንዲህ አላልኩም» አይልም፤ አበል ዘገየብኝ ብሎ አያኮርፍም፤ ከተናጋሪው በላይ አይጨበጨብለትም። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቀው የቴአትር ቤታችን ሥራ አስኪያጅ አንድ ማለዳ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ የኪነ ጥበቡን ዘርፍ ወደ ላቀ ምዕራፍ ለማሸጋገር አንድ ታላቅ ሟች በአስቸኳይ እንደሚያስፈልግ በአጽንዖት ገለጸ።

ሟቹን ይዛ የመጣችው ሐር ጉሮሮ ናት። ሐር ጉሮሮ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ባለው የምሽት ክበብ የምትዘፍን፣ እንግዳው ጉርሻውን ሳያቋርጥ የሚያጨበጭብላት ድምፀ መረዋ ናት። እሷ ግን አንድ ነገር ያንገበግባታል፤ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሹካውን አስቀምጦ እንዲሰማት ትመኛለች። በልጅነቷ ያሳበዷትን የአንድ የሮክ ዘፈን ደራሲ ሥራዎች ሰብስባ ሙሉ ዝግጅት ለማቅረብ ያሰበችውም ለዚሁ ነው። ሰውየውን ዘመነኞቹ ነጎድጓድ ይሉት ነበር።

«ሞቷል?» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ እንጃ። ድምፁ ከጠፋ ግን ቆየ።»

«ድምፁ ከጠፋማ ሞቷል! በሕይወት ያለ አርቲስት ድምፁ አይጠፋም፤ ቢያንስ ቢያንስ እኔ ቢሮ መጥቶ አዳራሽ ይለምናል።»

በዚህ የማያዳግም ማስረጃ የነጎድጓድ ሞት ተረጋገጠ፤ ፖስተርም ታተመ።

ቀጥሎ የግጥም አጣጣሚ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከሟቹ ዘፈኖች ሁሉ ስሙ የገነነው እንዲህ ይላል፦

ልቀቀው ወንበሩን፣ አንተ ከባድ ቂጥ፤
እግራችን አበጠ ባንተ መቀመጥ።

ኮሚቴው ሁለተኛዋን ስንኝ ያለምንም ተቃውሞ ያሳለፋት መስሎ ነበር። በመጀመሪያዋ ላይ ግን የጦፈ ክርክር ተነሣ። ነገርየው የአካል ክፍል ሆኖ ሳለ ለምን የሥራ ኃላፊነት እንደሚመስል፣ ክብደቱስ በማን እንደተመዘነ ሰፊ ውይይት ተደረገ። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ደጋግሞ ተገላበጠ፤ በመጨረሻም ግጥሙ እንዲህ ተስተካከለ፦

ያምርሃል ወንበሩ፣ አንተ ባለ ግርማ፤
እግራችን በረታ ቆመን ስንሰማ።

«ይሄ እኮ ተቃራኒው ነው!» አለች ሐር ጉሮሮ።

«ተቃራኒው አይደለም፤ የተሻሻለው ነው።»

«ሰው ዘፈኑን ያውቀዋል፤ ይስቅብኛል።»

«እንግዲህ ምርጫው ያንቺ ነው፤ ወይ የተሻሻለውን፣ ወይ ምድር ቤቱን።»

ከመሞት መሰንበት ብላ ተስማማች። አንድ ነገር ብቻ አላስችል አላት፤ ከሟቹ ቤተሰብ ምርቃት ሳትቀበል መድረክ መውጣት ከበዳት። ጠይቃ አጠያይቃ የድሮው የባንዱ ከበሮ መቺ ዘንድ ደረሰች፤ እሱም ከገበያው ጀርባ ወዳለ አንድ መስታወት ቤት ላካት።

እዚያም አንድ ጠና ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ የመስኮት መስታወት ይቆርጣል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የነጎድጓድን ቤተሰብ ፈልጌ ነበር።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ሟቹን ልንዘክር አስበን...»

ሰውየው መቁረጫውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«መቼ ሞትኩ?» አለ።

አዎ፣ ራሱ ነው። በዘፈኑ ስንቱን ጎረምሳ ድንጋይ ያስወረወረ ሰው ዛሬ መስታወት ይሸጣል። ገበያውን አስቀድሞ ያመቻቸ ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው። ሐር ጉሮሮ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ የእጁን ትቢያ ሳትጠየፍ ሳመችው። ሰውየውም ስንኞቹን በቃሏ ስታወርድለት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስለ ተሻሻለችው ስንኝ ግን ልትነግረው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ የዚያን ቀን ደስታውን ማደፍረስ አልሆነላትም።

እየሮጠች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ ነጎድጓድ በሕይወት አለ!»

«እንዴት ሊሆን ይችላል? ፖስተሩ እኮ ታትሟል!»

«አይቼዋለሁ፤ አዋርቼዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን አመዛዘነ። ቤቱ ሟች አከብራለሁ ብሎ ቃል ገብቷል፤ ለሟች የሚሆን ንግግር ተጽፏል፤ የበላይ አካል ለሟች ሊመጣ ቀጠሮ ይዟል። ለአንድ ሰው መኖር ሲባል ይህ ሁሉ ይፍረስ ማለት ደግሞ ራስ ወዳድነት ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ባለበት እንዲቀጥል፣ ሰውየውም «የሟቹ ቤተሰብ» ተብሎ የክብር መቀመጫ እንዲሰጠው ተወሰነ።

ጥሪው ሲደርስ የነጎድጓድ ሚስት አገላብጣ አየችው።

«የማን ቤተሰብ ነኝ ልትል ነው?» አለችው።

«የራሴ።»

«እኔስ ምንህ ሆኜ ነው የምሄደው?»

«ያው ባለቤቴ ነሽ...»

«የሟች ባለቤት ምን እንደምትባል ጠፍቶህ ነው? ወይ ጉድ! ባሌን አጠገቤ አስቀምጠው መበለት አደረጉኝ!»

ይህን ብላ ስታበቃ ጥቁር ልብሷን አውጥታ መተኮስ ጀመረች። ጥሪ ጥሪ ነው።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም አለ። ፊት ለፊት ከባባዶቹ፣ ኋላ ላይ ቆሞ ተመልካቹ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራትና ክቡራን! ሮክ ማለት በእንግሊዝኛ ድንጋይ ማለት መሆኑን ጥናታችን አረጋግጧል። ድንጋይ ደግሞ የግንባታ መሠረት ነው። ስለሆነም ሟቹ ወንድማችን ለግንባታው ዘርፍ ያበረከቱት አስተዋፅኦ በቀላሉ የሚታይ አይደለም!»

ከዚያ «ንግግሬን ላሳጥር» አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከፊተኛው ረዘመ። ሲጨርስ ለሟቹ የኅሊና ጸሎት እንዲደረግ ጋበዘ። የተቀመጠው ሁሉ ተነሣ። ነጎድጓድም አንገቱን ደፍቶ ተነሣ።

ሚስቱ ኮቱን ጎተተችው። «አንተ ደግሞ ምን ቤት ነኝ ብለህ ትነሣለህ?»

«ሰው ሁሉ ቆሞ እኔ ብቻዬን ልጎለት? ነውር አይደለም?»

ጨዋ ሰው በራሱ ሐዘን ላይ እንኳ ሥርዓት ያውቃል።

ከዚያ ሐር ጉሮሮ ወጣች። ጊታሪስቱ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚፈራ ሰው ክሩን እየዳሰሰ አጀባት። «ያምርሃል ወንበሩ፣ አንተ ባለ ግርማ...» ስትል የፊተኛው ረድፍ በደስታ ተነቃነቀ። ነጎድጓድ መጀመሪያ ጆሮውን ተጠራጠረ። ስንኟ ስትደገም ግን ጥርጣሬው ለቀቀው፤ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ወደ መድረኩ አቀና።

አስተናጋጁ መንገድ ላይ ገታው። «ጋሼ፣ ሐዘንዎ ይገባናል፤ ግን ይቀመጡ።»

«ዞር በል! የማን ሐዘን? እኔ ነኝ ነጎድጓድ! አልሞትኩም!»

መድረክ ላይ ወጣ። ሐር ጉሮሮ ማይክራፎኑን አቀበለችው። ሰውየው ለዓመታት መስታወት ሲፈጭበት በኖረ ጉሮሮው «ልቀቀው ወንበሩን!» ብሎ አንባረቀ። ጊታሪስቱም ሕፃኑን ረሳው። የኋለኛው ሕዝብ እየጮኸ ተቀበለ፤ ያችን ክልክል ቃል እንደውም ሁለት ጊዜ ደገማት። ሐር ጉሮሮ አብራው ዘፈነች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ሻከረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሰው ሁሉ እሷን ብቻ ሰማ።

ፊተኛው ረድፍ ሥራ አስኪያጁን በዓይኑ ፈለገው። ሥራ አስኪያጁ ግን እንዲህ ባለ ቀን የሚደናገጥ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ዘመን ባልተቀመጠ ነበር። ወደ መድረኩ ወጥቶ ነጎድጓድን አቀፈ።

«ክቡራትና ክቡራን! ቤታችን ያዘጋጀው ድንገተኛ ደስታ ይህ ነው! የግጥም አጣጣሚ ኮሚቴያችንን ከነገ ጀምሮ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ቢሮ፣ ጸሐፊ፣ የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ተፈቅዶላቸዋል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ነጎድጓድ ሊናገር አፉን ከፈተና ወደ ሚስቱ ተመለከተ። ሚስቱ ጥቁር ነጠላዋን ከላይዋ ላይ ገፍፋ በጭንቅላቷ «እሺ በል» ትለዋለች።

ሐር ጉሮሮን ያን ሰሞን የደስታዋ ብዛት እህል አላስቀምስ አላት። ከእንግዲህ ዘፈኑ እንደ ተጻፈው ይዘፈናል፤ ፈቃጁ ራሱ ደራሲው ነው! ቀጠሮ ለማስያዝ ቢሮው ብትሄድ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አሏት። ቤቱ ብትሄድ ሚስቱ በር ላይ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለቻት፤ ከውስጥ ግን ሲያንኮራፋ ይሰማ ነበር።

በመጨረሻ ለልምምድ ቀን ተቆረጠ። ነጎድጓድ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣና ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሐር ጉሮሮ ዓይኗን ጨፍና፣ ያቺን የሻከረች ድምፅዋን ፈልጋ፣ ዘፈኑን አንድ ቃል ሳታጎድል ለቀቀችው።

«አቁሚ! አቁሚ!» አለ ነጎድጓድ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘፈንዎ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ማንን ለመንካት ነው? ሰው ምን ይላል? አዲስ ወንበር የተሰጠኝ ሰው እኔ መሆኔን አገር ያውቃል!»

«እርስዎ ሲጽፉት እኮ ወንበር አልነበረዎትም።»

«እሱን ነው የምልሽ! ወንበር ላይ ተቀምጦ ያላየ ሰው ስለ ወንበር ምን ያውቃል? ያለ ጥናት የተጻፈ ነው። የተሻሻለው ምን ይጎድለዋል?»

«ቢያንስ የጻፈውን ሰው ሐሳብ እንጠብቅለት እንጂ...»

«የጻፈው ሰውዬ ሞቷል!» ብሎ ጮኸ።

ጊታሪስቱ እጁን ከክሩ ላይ አነሣ። ሐር ጉሮሮ ማይክራፎኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ ከመድረኩ ወርዳ ነጎድጓድ ፊት ቆመችና እጅ ነሣች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሼ» አለችና ወጣች።