የመኪናዬ ክብርና የኢንሹራንሷ ዋጋ

ሰው ሲሰድበኝ ዝም ማለት እችላለሁ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪ ያወጣልኝን ቅጽል ስም ሁሉ አውቃለሁ፣ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ። መኪናዬን ሲሰድቡብኝ ግን አልችልም። ይቺ ጠባዬ ምን እንዳደረገችኝ ላጫውትህ። ጊዜ አለህ አይደል?

ነገሩ የኢንሹራንስ ነው። ይኸው፣ ኢንሹራንስ ስልህ ገና ማዛጋት ጀመርክ። ቆይ እንጂ። ሦስተኛ ወገን የሚሉትን አይደለም የምልህ። እሱማ በሕግ ግዴታ ነው፤ ሰው ብትገጭ፣ አጥር ብታፈርስ ለተጎዳው የሚከፍል ነው፣ ሁላችንም አለን። እኔ የምልህ ሙሉውን ነው፤ የራስህን መኪና የሚያሠራልህን።

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቅህ። የአባቴ ናት። የፈረንሳይ ሥሪት ናት፤ ሐረር ውስጥ ፈረስ መጋላ አደባባይ ቆሞ ታክሲ የጠበቀ ሰው ሁሉ እህቶቿን ያውቃቸዋል። አራት መስኮት አላት። የመስኮት ማውረጃ እጀታዋ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ዳሽቦርድ ውስጥ ይቀመጣል። አየር ያማረው ሰው ሲጠይቅ እጀታው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይደርሰዋል። እንግዳ ሰው ይሄን ሲያይ ይስቃል። ምን ያስቃል? ሰው ያቀራርባል እኮ። የኋላ ግራ በሯ የሚከፈተው ከውስጥ ነው፤ ወደ ግራ ስትታጠፍ ደግሞ ጥሩንባዋ በገዛ ራሷ ይጮኻል። እናቴ እኔን ልትወልድ የሄደችው በእሷ ነው። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ የትውልድ ቦታዬ የኋላ ወንበር ይሆን ነበር። ታዲያ እንዴት አልወዳት?

ባለቤቴ ትዕግሥት ግን አትወዳትም። በተለይ ካለፈው ክረምት ወዲህ ዓይኗን ማየት አትፈልግም። ጀጎል ውስጥ አንድ ጠባብ መንገድ ገብቼ ከግንብ ጋር ተፋተግኩ፤ በቀኝ በኩል ያለው ጎኗ በሙሉ ተላጠ። ግንቡ ምንም አልሆነም። ለጋራዥ የከፈልኩትን አልነግርህም። ትዕግሥት ግን ለሁሉም ሰው ነግራለች። በመጨረሻ አንድ ማታ አስቀመጠችኝና ቁርጡን ነገረችኝ። ወይ ሙሉ ኢንሹራንስ አስገባት፣ ክፍያውም ከአንድ ወር ደሞዝህ እንዳይበልጥ፤ ወይ ትሸጥ አለችኝ። ገዢም አዘጋጅታለች ለካ። ከድሬ ጠያራ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመጣልን ጂብሪል የሚባል ገበሬ አለ፤ መኪናዋን ባየ ቁጥር ይዳብሳታል። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣው። እንግዲህ እስከ ቅዳሜ ነው ያለህ አለችኝ። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ገባሁና ሙሉ ፈልጌ ነበር አልኩ። ጸሐፊዋ መኪናዋ ስንት ታወጣለች ብላ ጠየቀችኝ። እሷ በገንዘብ አትተመንም አልኳት። ካልተተመነች አትገባም አለችኝ። አሁን በል፤ የአባትህን መኪና ዋጋ ለማታውቃት ልጅ ዝቅ አድርገህ ትናገራለህ? ከፍ አድርጌ ነገርኳት። ትንሽ አሰብኩና ደግሞ ጨመርኩበት። ልጅቷ ማሽኗን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ዓረቦኑን አሳየችኝ፤ ዓረቦን ማለት የዓመቱ ክፍያ ነው። የሦስት ወር ደሞዜ ነው። ለካ መኪናዋን ባከበርካት ቁጥር ክፍያው ይወጣል። ኩም ብዬ ወጣሁ።

በቀጥታ አዴ ነፊሳ ጋ ሄድኩ። አዴ ነፊሳ ጀጎል ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ የነበሩ ሴት ናቸው። ጭናቸው ላይ ነው ያደግኩት ብልህ አልዋሸሁም። በግዢና በሽያጭ ደግሞ ሐረር ውስጥ የሚያክላቸው የለም። ጉዳዩን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ሊገዛ ሄዶ ዕቃ የሚያሞግስ ወላሂ ዛሬ ገና አየሁ» አሉኝ። ገዢ ሁልጊዜ ያጣጥላል፣ ሻጭ ሁልጊዜ ያሞግሳል፣ ዱንያ የቆመችው በዚህ ነው አሉ። ነገ አብሬህ እወጣለሁ፣ አንተ ዝም ብለህ ከኋላዬ ቁም ተባልኩ።

ረቡዕ ሁለተኛው ጋ ገባን። አዴ ነፊሳ ወንበር ተሰጣቸው፣ ተቀመጡ፣ ሻርፓቸውን አስተካከሉና ጀመሩ። መኪናዋ በጠዋት የምትነሣው በግፊት ነው፤ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ሳትደርስ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ታርፋለች፤ ጭሷ የሰፈሩን ልብስ ከገመድ ላይ አስወርዷል፤ እንዲያው ሞታለች ማለት ይቻላል አሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ ኪሴ ውስጥ ቁልፏን አጥብቄ ያዝኩ። ጸሐፊው በጥሞና አዳመጣቸው። ከዚያ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? እናቴ፣ እኛ የሞተ መኪና አናስገባም፤ እግዜር ያጽናችሁ አላቸው። ከልቡ ነው ያዘነው። እስከ በሩ ሸኘን።

ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ አሉ አዴ ነፊሳ፣ ደረጃውን ስንወርድ።

ሦስተኛው መሥሪያ ቤት ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ዘዴ ቀየሩ። ዋጋውን ጠየቁ፣ ሰሙ፣ ምንም ሳይሉ ብድግ አሉ። ወደ በሩ ቀስ እያሉ መራመድ ጀመሩ። ዞር እንዳትል፣ አሁን ይጠራናል ብለው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ገባህ አይደል? ጀጎል ውስጥ ጥሎ የሚሄድ ገዢ ሦስት እርምጃ ሳይራመድ ይጠራል። እኛ ኮሪደሩን ጨረስን። አልተጠራንም። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረድን፤ በየደረጃው እየቆምን ማለት ነው፣ ጊዜ ልንሰጠው። ታች ደርሰን ቆመን ሳለ ሰውየው ከላይ እየሮጠ ሲወርድ ሰማነው። አዴ ነፊሳ ክንዴን ቆነጠጡኝ። አላልኩህም መሆኑ ነው። ሰውየው አጠገባችን ሲደርስ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ መልካም ምሳ ብሎን አለፈ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። አዴ ነፊሳ ግን እልኽ ያዛቸው። አራተኛውን ሐሙስ እንሄዳለን አሉ። አራተኛው ከሌሎቹ ይለያል፤ ቃል አይሰማም፤ ገማች ልኮ መኪናዋን በዓይኑ ያያል። ገማች ማለት መኪና ዞሮ አይቶ ይሄን ያህል ታወጣለች ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ ነው። የመጣው ልጅ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ፣ ጨዋ፣ ዝምተኛ ነገር ነው። መኪናዋን ያቆምኳት ፈረስ መጋላ፣ ታክሲዎቹ አጠገብ ነበር። የሠራሁት የመጀመሪያው ስህተት እሱ ነው።

አዴ ነፊሳ በዚህኛው ቀን ልካቸውን አወቁ። ሞታለች አላሉም፤ አርጅታለች አሉ። በሩን አሳዩት፣ ጥሩንባውን አሰሙት፣ ጋራዥ የጠጋገነውን ጎኗን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው አስነበቡት። ልጁ ሁሉንም ጻፈ። ከዚያ ሒሳቡን ሠርቶ ወረቀቱን አሳየን። ወንድሜ፣ ክፍያው ከወር ደሞዜ ያነሰ ነው! መኪናዬ ተረፈች ማለት ነው። መፈረም ብቻ ነው የቀረኝ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ።

ልጁ ያኔ ዝም ቢል ምን ነበረበት? መቼም ጨዋታ ለማምጣት ብሎ ነው፤ እንደው ይቺን መኪና ለዶሮ ቤት እንኳ የሚወስዳት ይገኛል ወይ አለ።

እስክሪብቶውን መለስኩለት።

ለዶሮ ቤት? አልኩት። ና ወዲህ አልኩት። ኮፈኑን ከፈትኩ። ይሄ ሞተር አንተ ሳትወለድ ሐረርና ድሬዳዋን ስንቴ ተመላልሷል፤ አንድ ቀን ተጎትቶ አያውቅም አልኩት። አዴ ነፊሳ ጎኔን ይጎስሙኛል። አልሰማሁም። የመስኮቱን እጀታ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት፤ ያዘው፣ ብረቱን ተመልከት፣ የዛሬ መኪና እንዲህ ዓይነት ብረት አለው ወይ አልኩት። ልጁ ግራ ገባው። ድምፄም ከፍ ብሎ ኖሯል መሰለኝ የታክሲ ሾፌሮቹ ተሰበሰቡ። የሁሉም መኪና የእሷ ዓይነት ነው እንግዲህ። ጋሼ በቀለ የሚባሉት ሽማግሌ ሾፌር ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከዚያ በትሕትና፣ ልጄ፣ የመምህሩ መኪና ይሄን ብቻ ካወጣች የእኛ ምን ሊባል ነው አሉት። ሌላው ሾፌር ይሄማ ስድብ ነው አለ። አንዱ የራሱን ኮፈን ከፈተ። ሌላው ደገመ። አንድ በአንድ የፈረስ መጋላ ኮፈን ሁሉ ተከፈተ።

ልጁ የመጀመሪያውን ቁጥር ሰረዘ። ከፍ አድርጎ ጻፈ። ጋሼ በቀለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግሞ ሰረዘ። አዴ ነፊሳ ብቻቸውን በወዲያ በኩል ቆመው «አቦ እናንተ ሰዎች፣ እየገዛን ነው እንጂ እየሸጥን አይደለም» ይላሉ። ማን ሰምቷቸው? በሦስተኛው ስረዛ ጋሼ በቀለ አሁን ደህና ነው አሉ። ልጁ ማኅተሙን መትቶበት ሰጠኝና ከመሃላችን ሾልኮ ሄደ። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። እኔ ደስታዬን አትጠይቀኝ። ክፍያውን ያየሁት ቤት ስደርስ ነው። የአምስት ወር ደሞዜ።

ወረቀቱን ልደብቅ ነበር። ትዕግሥት ግን ከኪሴ የወጣ ነገር ታነባለች። ክፍያውን አይታ ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ዓይኗ የተተከለው ላይኛው መስመር ላይ ነው። ይሄን ያህል ታወጣለች እንዴ አለችኝ። ማን ነው ያለው? ባለሙያ ነው አልኩ። በማኅተም ነው? አዎ። እና ይሄን ያህል ገንዘብ ደጃችን ላይ ቆሞ ዝናብ እየመታው ነው በለኛ አለች። ስልኳን አነሣችና ለጂብሪል ያንኑ ዋጋ ነገረችው።

ደነገጥኩ፣ ግን አንድ ተስፋ ነበረኝ። በዚያ ዋጋ የሚገዛ ጤነኛ ሰው የለም። ለማንኛውም ብዬ ቅዳሜ አዴ ነፊሳን ጠራሁ። ከእሳቸው የተሻለ ማን ያጣጥልልኛል? ያቺን የረቡዑን ይድገሙልኝ፣ ሞታለች ይበሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። መጡ። ጂብሪልም መጣ። መኪናዋን ዞሮ አያት፣ ዳበሳት፣ ከዚያ አሁን ይቺ ምን ዋጋ አላት ብሎ ጀመረ።

አዴ ነፊሳ ወገባቸውን ያዙ። ማሻአላህ፣ ይቺን ነው ምን ዋጋ አላት የምትላት አሉት። ብረቷን ሞተሯን አወሱ። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ያላስቀረቻቸው፣ ሙሽራ የጫነች፣ የታመመ ያደረሰች መሆኗን ቆጠሩ። እኔ የማላውቀውን ሁሉ ነገሩት። ጎናቸውን ጎሰምኳቸው። ተቆጡኝ። «ዛሬ እኮ ሻጮች ነን፣ ምን ሆነሃል?» አሉኝ።

ምን ላድርግ? ራሴ ጀመርኩ። በአፌ ሰድቤያት የማላውቃትን መኪና እሰድባት ገባሁ። በጠዋት አትነሣም አልኩ። ዳገት አትወጣም አልኩ። ለዶሮ ቤት እንኳ አትሆንም አልኩ፣ ይሄን ስል ምላሴ ተሳሰረ። ጂብሪል እኔን አየ፣ አዴ ነፊሳን አየ፣ ደግሞ እኔን አየ። ከዚያ ፈገግ አለና፣ መምህር፣ ባለቤቱ እንዲህ የሚሳሳላትን መኪናማ ባልጠየቃችሁኝ ዋጋ እወስዳታለሁ አለ። ትዕግሥት ካለችው ላይ ጨመረበት። ትዕግሥት ቁልፉን ከእጄ ወሰደችና ሰጠችው።

ሞተሩን አስነሣ። በአንዴ ተነሣች፤ እኔን ለማሳፈር። ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩና እንደ ወንድም ልምከርህ አልኩት። ይቺን መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ አስገባት። ስትሄድ አዴ ነፊሳን ይዘህ ሂድ፤ እሳቸው ያጣጥሏታል፣ ገማቹ ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፣ ክፍያውም ይቀልልሃል። ያንተ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ምንም ቢሏት፣ የፈለጉትን ቢሰድቧት፣ ዝም ማለት። እኔ ያቺን አንዲት ደቂቃ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር አልኩት።

የጂብሪል ፊት ተለዋወጠ። ሞተሩን አጠፋ። በሩን ከፍቶ ወረደና ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ማናባቱ ነው እሷን የሚሰድባት?» አለኝ።

ከገዛት ገና አምስት ደቂቃ አልሞላውም።