ጃፓንኛ በመቀናጆ

(ጎንደር፣ ፒያሳ። ዋርካውን የማያውቅ ጎንደርን አየሁ አይበል፤ ከዋርካው ትንሽ ወረድ ሲሉ የወይዘሮ ሰርካለም አስጎብኚ ቢሮ አለ። ደጁ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ምንይችል የማያውቀው ነገር የለም፤ ይኸን የሚለው ራሱ ምንይችል ነው። ሀዳነ ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛን ሁሉ ምንይችል ደደብ ይለዋል። ሁለቱ ጃፓንኛ አብረው ተምረው ነበር፤ አስተማሪያቸው አገሯ ከገባች፣ ትምህርቱም ከተዘጋ ሁለት ክረምት አልፏል። ዛሬ የጃፓን ጎብኚዎች አለቃ ይደውሉና ለስሜን ተራራ ጉዞ አንድ አስተርጓሚ ይመርጣሉ። አንድ ብቻ።)

ምንይችል፦ ቶይሬ ዋ ዶኮ ዴስ ካ?

ሀዳነ፦ ኧረ አያ ምንይችል! ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠፋህ? አሁን ገብተህ አይደል የወጣህ?

ምንይችል፦ አንተ ሰው፣ ሽንቴ መጣ አልሁህ? ቋንቋ እያደስን ነው! መልስ!

ሀዳነ፦ ትናንት መለስሁልህ። ጠዋትም መለስሁልህ። ቤቱ እንደሁ አልተነቀለ፣ እዚያው ነው።

ምንይችል፦ ምነው እንዲህ ደነዝህ? ትምህርቱ የተዘጋ ለት መላ የዘየደ ማን ነው? እኔ! አብረውን የተማሩትን ሌሎቹን አታይም? ቤዛዊት ሁሉንም ረስታ ቁጭ ብላለች። ጌትነት «አመሰግናለሁ» ብቻ ቀርታው፣ እሷኑ ቻይና ባየ ቁጥር ይወረውራል። የኛ ጃፓንኛ ግን ይኸው እንደቆመ ነው። በምን?

ሀዳነ፦ በመቀናጆ።

ምንይችል፦ በመቀናጆ! አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ እንደሚያርሰው። አንድ ጭንቅላት ሙሉ ጃፓንኛ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄውን እኔ ያዝሁ፣ መልሱን አንተ። ቶኪዮ ያሉ ሊቃውንት ይኸን ቢሰሙ ጉድ ይሉ ነበር። ቶኪዮ ስልህ ደሞ እንደ አዲ አርቃይ ቆላ ናት፤ ሙቀቷ አይጣል ነው።

ሀዳነ፦ ሄደህ ታውቃለህ?

ምንይችል፦ ለማወቅ መሄድ ያስፈልጋል? አንተ አይከል ገበያ ስትመላለስ ኖረህ ምን አወቅህ?

ሀዳነ፦ የሽንኩርት ዋጋ።

ምንይችል፦ ይኸው! ስማኝማ፣ ስልኩን እኔ ነኝ የማነሳው። ዳኛ ይጠይቃል፣ መምህር ይጠይቃል፣ ፖሊስ ይጠይቃል። የሚመልሰው ማን ነው? ተከሳሽ!

ሀዳነ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን አያ፣ ሥራውን እኔም እፈልገው ነበር።

ምንይችል፦ አንተ? መልስ ብቻ ይዘህ? ማንም ሳይጠይቅህ «ዕድሜዬ አርባ ነው፣ ሽንት ቤቱ በስተግራ ነው» እያልህ ተራራ ለተራራ ልትዞር? አብዷል ብለው ነው የሚያስሩህ። ደሞ እኔ ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ ተቀጠርሁ ብዬ አውርቻለሁ። አማቴ እንኳ ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ! ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?

ሀዳነ፦ ሳትቀጠር አወራህ?

ምንይችል፦ ከተቀጠርሁ በኋላማ ለወሬ ጊዜ የት አገኛለሁ?

(ስልክ ይጮሃል። ሰርካለም «ከጃፓን ነው!» ብላ ታቀብላለች። ምንይችል ኮቱን ቆልፎ ለስልኩ እጅ ይነሣል። አማቱ ቢያዩት ምን ነበረበት!)

ምንይችል፦ (በስልኩ) ኦናማኤ ዋ? (ያዳምጣል፤ ምንም ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል) ናንሳይ ዴስ ካ? ቶይሬ ዋ ዶኮ ዴስ ካ?

(ከወዲያ ንግግር ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያባራም። የምንይችልም ላብ እንደዚያው።)

ሀዳነ፦ ምን አሉ?

ምንይችል፦ እኔ ምን አውቄ! መልስ አይደል? መልስ ያንተ ነው፣ እንካ ያዝልኝ!

(ሀዳነ ይቀበላል። ስለ ጭላዳ ዝንጀሮው ይመልሳል፣ ስለ ብርዱ ይመልሳል። ደሞ ዞሮ ስንት ሰው እንደሚመጣ ይጠይቃል። ይስቃልም። ምንይችል አፉን ከፍቶ ያያል።)

ምንይችል፦ ቆይ! አሁን ያልኸው ጥያቄ ነው! የኔን ጥያቄ ማን ሰጠህ?

ሀዳነ፦ (ስልኩን በመዳፉ ከድኖ) ምን ላድርግ አያ? ጥያቄ ለብቻው ይቀመጣል። መልስ ግን ጥያቄው ከሌለ የምኑ መልስ እንደሆነ በምን ይታወቃል? አንተ ገበያ ለወሬ ስትወርድ፣ እኔ ራሴን ስጠይቅ ለራሴ ስመልስ ከረምሁ።

ምንይችል፦ ሁለቱንም በሬ ስትቀልብ ከርመህ ነዋ!

(ሀዳነ ጥቂት አውርቶ ስልኩን ይዘጋል።)

ምንይችል፦ እህ? ሥራው ለማን ሆነ?

ሀዳነ፦ ለኔ። ስላንተም ጠየቁ። «ያ ስማችንን፣ ዕድሜያችንን፣ ሽንት ቤታችንን የመረመረን ሰው ፖሊስ ነው?» አሉ።

ምንይችል፦ ወይ ጉዴ! ምን አልሃቸው?

ሀዳነ፦ ወዳጄ ነው አልሁ። እሳቸውም «ትከሻው ጠንካራ ነው? በቅሎው አልበቃ ብሎን ቦርሳ ተሸካሚ እንፈልጋለን» አሉ።

ምንይችል፦ እኔን? ጠያቂውን? መላ የዘየድሁትን? ታዲያ ምን ብለህ መለስህ?

ሀዳነ፦ «ሃይ» አልሁ።

ምንይችል፦ «ሃይ» ምን ማለት ነው?

ሀዳነ፦ የጉዞው ለት ዳገቱ ላይ ትከሻህ ይነግርሃል።