ጋሽ አይቸው ለኢንተርኔት ሱቅ ስም ሲያወጡ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ላይ ግን መልአኩ ሥራውን ለጋሽ አይቸው ካስረከበ ቆይቷል። በየዘመዱ መካከል እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ሕፃን ሲወለድ፣ ሱቅ ሲከፈት፣ ውሻ ሲገዛ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ከመጣም በኋላ በቀላሉ አይሄድም።

ክቡር ስም አውጪው የሚታወቁት በአንድ ንግግር ነው። «በስም አይቸኮልም!» የዘመዳቸው የአሞስ ልጅ ስም በሚወጣለት የግርዛት ዕለት ሕፃኑ ተገርዞ፣ አልቅሶ፣ ጠብቶ እንቅልፍ ሲወስደው እርሳቸው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ገና ሁለት ስም ያማርጡ ነበር። አሞስ ራሱ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ጋራዥ የከፈተ ጊዜም ሰባት ሳምንት ያለ ስም ሠርቷል። ደንበኛው «ስም የለሹ ጋራዥ» ማለት ለመደና በስምንተኛው ሳምንት ጋሽ አይቸው ስም ይዘው ቢመጡ የሚሰማቸው ጠፋ። አልተቀየሙም። «ቢዘገይም ደህና ስም ነበር» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የአብሮ አደጋቸው ልጅ ያፊት ይህን ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ የኢንተርኔት ሱቅ ልትከፍት ስትነሳ ከሁሉ በፊት ያሰበችው ከጋሽ አይቸው መደበቅን ነበር። እናቷ ጥሩአለም ከጋን ሽሙኤል ፋብሪካ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የጠለፈችው የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ ሁለት ቁም ሣጥን ሞልቷል። ያፊት እርሱን እሸጣለሁ ብላ የባንክ ሥራዋን ለቀቀች፣ ፎቶውን አነሳች፣ ድረ ገጹን አሠራች። የቀረው አድራሻው፣ ማለትም ስሙ ብቻ ነበር። የማሸጊያ ካርቶኑን የምታትምላት ታማር ደግሞ «እስከ ሐሙስ ስሙን ካልላክሽ ተራሽ ያልፋል፤ ከፋሲካ በኋላ ነው የምትደርሺው» ብላታለች። ፋሲካ ካለፈ የስጦታ ገዢውም አለፈ፤ ሥራ ለቅቆ ለተቀመጠ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ጥሩአለም ግን «አይቸው ሳያየው አይሆንም» አለች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሽ አይቸው መነጽራቸውን ጠርገው ሶፋው ላይ ተሰየሙ።

«የዶሜይን ስም አጭር መሆን አለበት ጋሼ» አለች ያፊት፣ ኮርስ ላይ የተማረችውን እያስታወሰች። «ሰው አንዴ ሰምቶ የሚጽፈው፣ ሌላ ሰውም ቀድሞ ያልያዘው።»

«ናኮን፣ ልክ ብለሻል። በይ አንብቢልኝ።»

አሥራ አራት ስሞች ነበሩ። የመጀመሪያው «የሳሙና ስም ነው» ተባለ። ሁለተኛው «ይህ ቢጠሩት ዞር አይልም» ተባለ። አምስተኛውን ወደውት ነበር፤ ግን አንድ የቴል አቪቭ ጫማ ሻጭ ቀድሞ ይዞታል። አሥራ ሦስቱ እንዲህ እንዲህ እያሉ አለቁ። ያፊት በልቧ የመረጠችውን ለመጨረሻ አስቀርታው ነበር።

«የሪቭቃ ጥልፍ» አለች። «የኢማ፣ የእናቴ የዕብራይስጥ ስም ነው። አጭር ነው፣ አገሩ ሁሉ ይጽፈዋል፣ ማንም እንዳልያዘውም አይቻለሁ። በቃ፣ በዚህ እንጨርስ።»

ጋሽ አይቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አይሆንም። በስም አይቸኮልም።»

የያፊት ትዕግሥት አለቀ። «ጋሼ፣ ነገ እኮ ዮም ሐሚሺ ነው፣ ሐሙስ! ሥራዬን ለቅቄ ነው የተቀመጥኩት። ኢማን ፋብሪካው ሁሉ ሪቭቃ ሲላት ኖሮ የለም ወይ? መታወቂያዋስ ላይ ያለው እሱ አይደለም? ምን ያከራክራል?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁላት» አሉ ሽማግሌው። «የዛሬ አርባ ዓመት። ከእነሱ ስድስት ወር ቀድሜ ወደ እስራኤል ገብቼ ትንሽ ዕብራይስጥ ይዤ ስለነበር፣ እነሱ ሲመጡ አስተርጓሚ አደረጉኝ። ሰልፉ ረጅም ነው። የምትመዘግበው ፕኪዳ፣ የቢሮዋ ጸሐፊ፣ ጥሩአለም ማለት አልሆንላት አለ። ‹ቶሎ በል፣ ሌላ ስም ስጠኝ› አለችኝ። ሪቭቃ አልኋት። እናትሽን ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም። በዚያ ጠዋት አርባ ሰው እንዲህ ሰየምሁ፣ ያፊት። አርባ ሰው! ለአንዱም አንዲት ደቂቃ አልፈጀሁ።»

ያፊት እናቷ ስሙን ራሷ የመረጠችው ይመስላት ነበር። ስንት ጊዜ የሳቀችበት መዘግየታቸው ከምን እንደመጣ አሁን ገባትና አንጀቷን በሏት።

ጋሽ አይቸው ተነሥተው ጥሩአለም ወደምትጠልፍበት በረንዳ ወጡ። ያፊት ኮምፒውተሯን ይዛ ተከተለቻቸው።

«ጥሩአለም» አሉ እንደቆሙ። «ማን ተብሎ ይጻፍልሽ?»

«ስሜን አታውቀውም?» አለች መርፌዋን ሳታቆም።

«አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ሳልጠይቅሽ ነው የቀረሁ።»

መርፌዋ ቆመ። ጥሩአለም አብረዋት ያደጉትን ሰው ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጥሩአለም ተብሎ ይጻፍ። አባቴ ያወጣልኝ ነው።»

«አፋችን አልያዘውም ቢሉስ?»

«ይልመዱታ! እኔ የእነሱን ስንቱን ለምጄ የለ?»

ያፊት ጻፈችው። ኮምፒውተሩ ትንሽ ቆየና መልሱን አመጣ፤ ስሙን የያዘው ማንም የለም።

ጋሽ አይቸው ጎንበስ ብለው በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው ጋሼ።»

«እስቲ እንደገና እዪው።»

የታማር ስልክ ይጠራ ጀመር። ያፊት አላነሳችውም፤ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምራ፣ አንድ በአንድ፣ እንደገና አየችው።